የሁሴን ቡልኮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ለስላሳና ዳቦ ገዝተው ሸኙኝ። በመጨረሻ አንዷ ነርስ ነጭ ጋቢ ዘርግታ ትከሻዬ ላይ ልትጥልልኝ ስትመጣ እጇን ያዝኳት። ጋቢውን ተቀብዬ አጠፍኩና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። «ጋሽ ታዬ ኩራታቸው ዛሬም አልለቀቃቸውም» ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አዲሱ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ የማይረሱት ነገር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የብድሬውን የከብት ነጋዴ ነገር አጫወትኳቸውና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የማልረሳው ግን እሱን አይደለም። ሰው ሊያለብሰኝ ሲመጣ ለምን እንደምሸሽ ለባለቤቴም በቅጡ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ጊዜ ስላለኝ ልጻፈው።

የጎባ ልጅ ነኝ። ከጤና ረዳት ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁት እዚያው ጎባ፣ በመድኃኒት ክፍል ውስጥ ነው። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም፤ ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ በቂ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በዳሳ ይባላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸውን አንድ እግር በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። ጴንጤ ስለነበሩ አይጠጡም፣ አይዋሹም። በዚያ በደርግ ዘመን ከአለመጠጣት ይልቅ አለመዋሸት ነበር ሰውን የሚያስጠረጥረው።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። መድኃኒት ሲሰጡ በሽተኛው አወሳሰዱን መልሶ እስኪነግራቸው ድረስ ከመስኮቱ አያሰናብቱትም። በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፣ በአማርኛ ይደግሙታል፣ ከዚያ «ቤት ውስጥ ሌላ ማንን ያመዋል?» ይላሉ፤ ሰው ለራሱ የተሰጠውን ክኒን ለጎረቤት እንደሚያካፍል ያውቃሉና። ዋናው ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር። ወደ አልጋ ክፍል በገቡ ቁጥር፣ መድኃኒት ለማድረስም ይሁን ዕቃ ለመቁጠር፣ አንድ በሽተኛ ጋ ጠጋ ይሉና የእጃቸውን ጀርባ ብብቱ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከዚያ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ይለጥፋሉ። ነርሶቹ ይሳለቁባቸው ነበር። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሳቅሁባቸው።

ያኔ መድኃኒት የሚሠራው በሽታ ያለበትን ቦታ ፈልጎ፣ ገብቶ፣ ተዋግቶ ይመስለኝ ነበር። ሁሉ ነገር ዘመቻ በነበረበት ጊዜ ሌላ ማሰብ ከየት ይመጣል። ይህን ስነግራቸው ጋሽ በዳሳ ከት ብለው ሳቁ። መድኃኒት በሽታ የት እንዳለ አያውቅም አሉኝ። ከዚያ በሩን ዘጉና የክፍሉን ብቸኛ ወንበር ወደ መሃል ሳቡት።

«የውይይት ክበብ ትሄዳለህ አይደል?»

«ማን ይቀራል ጋሼ።»

«ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይቀመጥና ይናገራል፤ አዳራሹ ይንቀሳቀሳል። ሌላው ይቀመጥና ዝም ይላል። ዝም ያለው ምንም አልሠራም ብለህ ታስባለህ። ግን እሱ እስካለ ድረስ ተናጋሪው ያን ወንበር አያገኘውም።»

እንዲህ ያለ ምሳሌ በዚያን ጊዜ ሰው ያሳስራል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ልባችን ላይ፣ ዓይናችን ውስጥ፣ ላብና ምራቅ በሚያመነጩት ዕጢዎች ላይ፣ አንጀታችን ላይ ጥቃቅን ወንበሮች አሉ አሉኝ። ሰውነታችን ራሱ የሚልካቸው መልእክተኞች መጥተው ይቀመጡባቸዋል፣ ይናገራሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ላቡም ምራቁም በነሱ ንግግር ነው የሚመጣው። አንዳንድ መድኃኒት ልክ እንደ መልእክተኛው ይቀመጥና ይናገራል። አንዳንዱ ደግሞ ቦታውን ይይዝና ዝም ይላል። ወንበሩ አንድ ዓይነት ከሆነ የትም ይሁን የት ይቀመጥበታል። ኮዴይን ለሳል ሰጥተን ሆድ የሚያደርቀው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ወንበር አንጀት ላይም ስላለ ነው። ከሁሉም በላይ አስምረው የነገሩኝ ግን መድኃኒቱ ወንበሩ ላይ ለዘለዓለም አለመቀመጡን ነው። ተነሥቶ ይሄዳል። በር ላይ የሚጠብቅ ብዙ ተናጋሪ ካለ ያን ጊዜ ተጋፍቶ ይገባል። ስለዚህ መርፌ ከወጋህ በኋላ ሥራህ አለቀ ማለት አይደለም፣ በሩ ላይ ማን እንዳለ ማየት አለብህ አሉኝ።

ዛሬ ወጣቶቹ ሪሴፕተር ይሉታል። በኮምፒውተር ሥዕሉን አሳይተውኛል፤ ቀለሙ ያምራል። እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ የመድኃኒት ክፍሉ ወንበር ነው፤ አንድ እግሩ አጠር ያለ ነበር።

ከጎባ ወደ ብድሬ ተዛወርኩ። ሙቀቱና ወባው የከፋ ነበር፤ ቀኑ ክሎሮኪን በመቁጠር ያልቃል። አንድ የገበያ ቀን ሰዎች አንድ የከብት ነጋዴ አስረው አመጡ። አብዷል አሉ። አፉ ደርቆ ምላሱ ይንቀጫቀጫል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ የዓይኑ ብሌን ጥቁሩን ሁሉ ውጦታል። ግድግዳውን ገዢ አድርጎ ስለ አንድ ወይፈን ዋጋ ይከራከራል፤ ግድግዳው ዋጋ አልጨምር ስላለው ተቆጥቶ ሊሄድ ይነሣል። ሌቦች አስተናግር የሚባለውን ተክል በጥብጠው አጠጥተው ከብቶቹን ነድተውበት ነው። አስተናግር ውስጥ ያለው ነገርና እኛ በአምፑል የምንወጋው አትሮፒን አንድ ነው። ላብ፣ ምራቅና እንባ የሚያዙት ወንበሮች ላይ ሁሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውየው በማግሥቱ አእምሮው ተመለሰ፤ የዓይኑ ብሌን ግን ገና አልጠበበም፤ ቀን ብርሃን እየወጋው በነጠላ ተሸፍኖ ከረመ። ይህን ለጋሽ በዳሳ በደብዳቤ ስጽፍላቸው ባጭሩ መለሱልኝ፦ ከዓይን መድኃኒቱ ቶሎ አይለቅም፣ ከሌላው ገላ ቀድሞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓይንን አትመን፣ ብብትን እመን። አንብቤ ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት። ምክሩን በሚገባ የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከሮቤ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆንኩ። ኃላፊ ይባል እንጂ ያለነው እኔና ወይዘሮ አስካለ የተባሉ የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነን፤ አልጋው ሁለት ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የመንግሥት እርሻ እስከ ዓይን ማድረሻ ስንዴ ዘርቷል። አካባቢውን የሚያስተዳድረው ካድሬ ሥራችንን የሚለካው በአንድ ነገር ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት የውይይት ክበብ ላይ ተገኝተናል ወይስ አልተገኘንም። እኔ ሁለት ሐሙስ በሥራ ምክንያት ቀርቼ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል።

ያን ክረምት ስንዴው ላይ ተምች ገባ። እርሻው ወጣቶችን ሰብስቦ መርዝ የሞላ ታንክ ጀርባቸው ላይ አሸክሞ አሰማራቸው። ጓንት የለ፣ ጫማ የለ። ከነሱ አንዱ ሁሴን ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ለእናቱ የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር። ማታ ማታ የመርዙ በርሜሎች ያሉበት መጋዘን ውስጥ ጥበቃ ያድራል። እናቱ በእጃቸው ፈትለው ያሠሩለት አንድ ወፍራም ቡልኮ ነበረው። ቀን ታንኩ ትከሻውን እንዳይቆርጠው አጥፎ ከማንገቻው ሥር ያደርገዋል፤ ማታ ይለብሰዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያው ቡልኮ ጠቅልለው አመጡት። ካፉ አረፋ ይወጣል፣ እንባው ይወርዳል፣ ልብሱ በላብና በሽንት ርሷል። ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል፤ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ሳደርግ እንደሚፈላ ወጥ ይንተከተካል። መርዙ የሚያደርገው ይኸው ነው። የሰውነት መልእክተኛ ተናግሮ ሲጨርስ ጠርጎ የሚያስወጣው ሠራተኛ አለ፤ መርዙ የዚያን ሠራተኛ እጅ ያስረዋል። መልእክተኞቹ እየተከማቹ ወንበሩን አይለቁም፣ ንግግሩ አያልቅም፣ ሰውየው በገዛ ምራቁና አክታው ይሰጥማል።

ጋሽ በዳሳ ያስተማሩኝን ሠራሁ። ቡልኮውን ገፍፌ በረንዳው አጥር ላይ ወረወርኩት። ልብሱን በመቀስ ቀድጄ አወጣሁ። እኔና ወይዘሮ አስካለ ከራሱ እስከ እግሩ በሳሙና አጠብነው። ስሪንጁ ላምባ ምድጃው ላይ ተቀቅሎ ነበር። ሁለት አምፑል አትሮፒን ወጋሁት፤ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ደግሜ ሁለት፤ ደግሜ ሁለት። በስድስተኛው ላይ አረፋው ቆመ። በስምንተኛው ደረቱ ጸጥ አለ፤ ብብቱ ደረቀ። ቀትር ገደማ ዓይኑን ገልጦ «ቢሻን» አለ፣ ውሃ። ወይዘሮ አስካለ ከደስታ ብዛት አማተቡ። እኔ ያን ሰዓት የተሰማኝን ኩራት ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

እናቱ የመጡት ያኔ ነው። በመንደሩ «ሃዳ ሁሴን» ነው የሚሏቸው፣ የሁሴን እናት ማለት ነው፤ ሌላ ስማቸውን የሚጠራ አልሰማሁም። ከሩቅ ሮጠው ስለመጡ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ልጃቸውን ሲያዩ «ያ ረቢ» ብለው እግሩን ያዙ። ሁሴን ራቁቱን በአንዲት ስስ የመንግሥት አንሶላ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። የባሌ የክረምት ንፋስ በተሰበረው መስኮት ይገባል። እናትየው ወጥተው ቡልኮውን ከአጥሩ ላይ አንሥተው መጡ።

«ሐኪሙ፣ ልጄን ብርድ ሊገድለው ነው» አሉኝ። «ልሸፍነው?»

እኔም ይበርደኝ ነበር። የሚንቀጠቀጥ ሰው አየሁ፣ ቡልኮ የያዘች እናት አየሁ። «ይሸፍኑት» አልኳቸው።

የሠራሁት ስሕተት ይህ ነው። ሌላውም የመጣው ከዚህ ነው። በእጄ ገፍፌ የጣልኩትን መርዝ በአፌ ፈቅጄ መለስኩበት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከካድሬው ዘንድ መልእክተኛ መጣ። ዛሬ ከቀረ ሦስተኛው ነው፣ ይወቀው ብሏል። ወደ ሁሴን ጠጋ አልኩና ዓይኑን ገለጥኩት። ብሌኑ ሰፍቶ ቁልጭ ብሎ ያያል። መድኃኒቱ ያዘ አልኩ። እጄን ብብቱ ውስጥ አላስገባሁም፤ ቡልኮው እስከ አንገቱ ተጠቅልሎ ስለነበር መግለጡ አሳዘነኝ። አንድ አምፑል ጨምሬ ወጋሁና፣ አረፋ ካዩ ይጥሩኝ ብዬ ለወይዘሮ አስካለ ነግሬ ሄድኩ።

ስብሰባው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ምን እንደተባለ አላስታውስም።

በዚያ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ወይዘሮ አስካለ በኋላ ነገሩኝ። እኔ ከሄድኩ ትንሽ ቆይቶ የሁሴን ግንባር በላብ ረጠበ። በእኛ አገር የታመመ ሰው ተሸፋፍኖ ካላበው በሽታው እየወጣለት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ይስማማል። እናቱ «አልሐምዱሊላህ፣ ላብ መጣለት» አሉ። ወይዘሮ አስካለም ደስ አላቸው። ላቡ በበዛ ቁጥር ሁለቱ ሴቶች ቡልኮውን አጥብቀው ጠቀለሉለት፤ ንፋስ እንዳይገባ በጎንና በጎኑ ወተፉለት። እናቱ በነጠላቸው ላቡን እየጠረጉ ተስፋቸው ጨመረ። አረፋ ሲያዩ ወይዘሮ አስካለ ወደ አዳራሹ ሮጡ፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ስብሰባ ላይ ነው፣ አይገባም ብሎ መለሳቸው።

ስመለስ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። የቀረኝን አትሮፒን ሁሉ ወጋሁት። ደረቱን ተጫንኩ፣ አፉን በጨርቅ ጠረግሁ። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም። ቡልኮውን ስገልጠው ከሥሩ ገላው በላብ ይዋኛል። ብሌኑ ግን እስከ መጨረሻው ሰፍቶ ነበር። ዓይኑ ደኅና ነኝ እያለኝ ሰውየው ሞተ።

አመሻሹ ላይ ከእርሻው አንድ ሰው መጥቶ የሞቱን ምክንያት ወረቀት ላይ ልብ ድካም ብለህ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። በማግሥቱ ጠዋት ቀበሩት። ለለቅሶ ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ፤ የእናቱን ፊት ለማየት ጉልበት አጣሁ።

ሳምንት ያህል ቆይቼ ያለቀብኝን አትሮፒን ለመተካት ጎባ ሄድኩ። የመጠየቂያ ቅጹን ሞልቼ ለጋሽ በዳሳ ሰጠኋቸው። የአምፑሉን ብዛት አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ስብሰባውንም ነገርኳቸው።

«ምን ለብሶ ነበር?» አሉኝ።

«ምንም ጋሼ። ልብሱን ሁሉ አውልቄ አጥቤዋለሁ።»

«ምን ተሸፍኖ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መድኃኒት አንሶት የሞተ ይመስለኝ ነበር። መርዙ በቆዳው ሲገባበት ውሏል፤ እኔ ወንበር በያዝኩ ቁጥር በር ላይ ሌላ ሺህ ይሰለፍ ነበር። ያቺ አጭር እግር ያላት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስቡት።

«ቡልኮው አሁን የት ነው?»

አላውቅም አልኩ። ከሬሳው ጋር ወደ ቤት የሄደ ይመስለኛል አልኩ። ጋሽ በዳሳ ሳጥናቸውን ከፍተው ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን አንድ ፓኮ አትሮፒን ያለ ቅጽ፣ ያለ ፊርማ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አሁኑኑ ሂድ፣ ቡልኮውን አታቃጥለው፣ ጭሱም ያው መርዝ ነው፣ ከውሃ አርቀህ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው አሉኝ። እኚህን ሰው በሁለተኛው ዓመት በሃይማኖታቸው ምክንያት አሰሯቸው። ሲፈቱ ሰውነታቸው አልቆ ነበር፤ ብዙም አልቆዩ። ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው ሲሸኙኝ ነው እስከ ዛሬ የሚታዩኝ።

በእህል ጫኝ መኪና ሮቤ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ በጭቃው ሁለት ሰዓት ተጓዝኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስፈልግ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ እኚያ ሴት ልጃቸውን በገዛ እጃቸው መርዝ እንዳለበሱት ያውቃሉ። ስለዚህ ውሸት አዘጋጀሁ፤ የሞተ ሰው ልብስ እንዲቀበር ከመንግሥት መመሪያ ወጥቷል እላለሁ።

ቤቱ ውስጥ ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ። ሃዳ ሁሴን ጥጉ ላይ ቡልኮውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀንም ማታም አያወልቁትም፣ የልጄ ጠረን አለበት ይላሉ አለችኝ ፋጡማ የምትባለው ጎረቤታቸው። እንባቸው ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ አፍንጫቸው ይወርዳል። እህል እንዳስቀመጡ ይመልሱታል። ሐዘኑ ጎዳቸው፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይተን አናውቅም አሉ ሴቶቹ።

ሰላምታ ሰጠኋቸው። በድምፄ ለዩኝ።

«ዓይኔ ጨልሟል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ነው የሚመስለኝ» አሉ። «ኢልሞ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይኔን ይዞት ሄደ። ደረቴም ላይ ድንጋይ አለ።»

ወደ በሩ ብርሃን ፊታቸውን አዞርኩና አየሁ። ብሌናቸው ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። የልብ ትርታቸው ቀርፋፋ ነው። ፋጡማን ብብታቸውን ዳብሺልኝ አልኳት፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ርሷል አለች። ሰው ሁሉ ለቅሶ ነው ያለው እንባ መርዝ ነበር።

ቡልኮውን መጀመሪያ ማስወለቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ስጠይቃቸው ጨብጠው ያዙ፣ እኔም መታገል ፈራሁ። የዓይን መድኃኒት ነው ብዬ አንድ አምፑል ወጋኋቸው፤ ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። እሳት ዳር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ትንፋሻቸው ረዘመ። አፍንጫቸው ቆመ። እንባቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጉንጫቸው ደረቀ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ተጽናናች» አለች አንዷ።

ከዚያ ስለ ቡልኮው አነሣሁ። ያዘጋጀሁትን መመሪያ ተናገርኩ። ሃዳ ሁሴን አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መንግሥት ልጄን ለእርሻው ወሰደ፣ ይህን አልሰጥም አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ አለመስጠት ብቻ ነበር። ሌላ ውሸት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

«ይህ ቡልኮ የእርሻውን መርዝ ጠጥቷል» አልኳቸው። «አሁን እርስዎን ያመመዎትም እሱ ነው። ሁሴንንም የገደለው እሱ ነው።»

 ቀስ ብለው ነገሩን ወደ ኋላ ሲሄዱበት ከፊታቸው አየሁ፤ አጥሩን፣ አልጋውን፣ ላቡን።

«ሸፍኜ ገደልኩት?»

«የፈቀድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ጠየቁኝ፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። የማውቀው እኔ ነበርኩ።»

ይህን ሰምተው እንደሆነ እንጃ። ቡልኮውን ራሳቸው ከትከሻቸው አውርደው፣ አጥፈው፣ መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ፣ ትከሻቸው ተርገፈገፈ፣ ከሆዳቸው የሚወጣ ድምፅ ወጣ። ሴቶቹም አብረው ጮኹ። ሃዳ ሁሴን እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው ወሰዱና እጃቸውን አዩት። ደግመው ጠረጉ፣ ደግመው አዩ።

«እንባዬ የለም» አሉ። «ሐኪሙ፣ እንባዬን ምን አደረግከው?»

መድኃኒቱ ነው የያዘው፣ ነገ በዚህ ሰዓት ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይመለስልዎታል አልኳቸው።

«ሳምንት ሙሉ ሳላውቅ አለቀስኩ» አሉኝ። «ዛሬ አወቅሁ። ዛሬ ደግሞ የለም።»

 ሴቶቹ ገላቸውን በሳሙና አጠቧቸው። እኔ ቡልኮውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ከምንጩ ማዶ ወጣሁና ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ጎረቤቶቹ እንርዳህ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። መርፌውን መድገም ሊያስፈልግ ስለሚችል እዚያው መንደር አደርኩ። አላስፈለገም። በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። እሳቸውም ደረቅ ዓይናቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰጠሁት መድኃኒት እንዲለቅ ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ እጃቸውን አንሥተው የግራ ዓይናቸውን ነኩ። ጣታቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አሳዩኝ፤ ርሷል። መርዙ ተመልሶ እንዳይሆን ፈርቼ ፋጡማን ብብታቸውን ዳብሺ አልኳት። ደረቅ ነው አለችኝ። የራሳቸው እንባ ነበር።